የአሜሪካ መፍቻ በሠራተኛ ስንፍና አልተሰደደም

ሰሞኑን አንድ የሥራ ባልደረባዬ ጽሑፍ ላከልኝ። «ይሄን አንብበህ ዝም ካልክ መካኒክ አይደለህም» ብሎኛል። ጽሑፉ የአሜሪካ የእጅ መሣሪያ፣ መፍቻው፣ ፒንሳው፣ ካቻቢቴው፣ እንዴት ከአገሩ ወጥቶ ቻይናና ታይዋን እንደገባ ይተርካል። አጻጻፉ ይጥማል። ጸሐፊው መሣሪያ እንደሚወዱ ያስታውቃል። የአባታቸውን የመሣሪያ ሣጥን የገለጹበት አንቀጽ የእኔንም ሆድ አባብቶታል። ድምዳሜዎቻቸው ግን አንድ በአንድ ሲፈተሹ አብዛኞቹ አይቆሙም።

ባጭሩ የሚሉት ይሄን ነው። ፋብሪካዎቹ የሄዱት የአሜሪካ ሠራተኛ ሰንፎ፣ ደመወዙም ጣራ ነክቶ ነው። ከቻይና የመጣ ሁሉ ቆርቆሮ ነው። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ የሚሠራ መፍቻ የለም። ጥፋቱም ርካሽ የሚወደው የገዢው ነው። ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ ታሪፍ፣ ማለትም ተጨማሪ ቀረጥ፣ ከተጫነ ግን ሁሉም ወደ ቤቱ ይመለሳል።

እኔ ኢኮኖሚስት አይደለሁም። አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ አካባቢ፣ ጋራዥ ውስጥ ቁልፍ በማቀበል ነው የጀመርኩት። አሁን ሰሜን ቨርጂኒያ መኪና እጠግናለሁ። ባለቤቴ «መሣሪያ በገዛህበት ገንዘብ የቤት ቅድሚያ ክፍያ ይከፈል ነበር» ትላለች። ማጋነኗ ነው፤ ትንሽ። እናም ነገሩ ይመለከተኛል። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።

ከሠራተኛው ልጀምር። ያናደደኝም እሱ ነው።

ነብራስካ ውስጥ ደ ዊት የምትባል መንደር አለች። ሕዝቧ 600 አይሞላም። እዚያ ዊልያም ፒተርሰን የሚባል፣ ከዴንማርክ የመጣ ብረት ቀጥቃጭ ነበር። ብረቱን ጨብጦ የሚይዝለት ሦስተኛ እጅ ፈለገ። በ1920ዎቹ ነክሶ የሚቆለፍ ፒንሳ ፈለሰፈ። ቫይስ ግሪፕ ማለት እሱ ነው። ያንን ስም የማያውቅ መካኒክ ያለ አይመስለኝም። ፋብሪካው በዚያች መንደር 70 ዓመት ያህል ሠራ። በ2002 ሙሉ በሙሉ በኒዌል ራበርሜድ እጅ ገባ። ይሄ ኩባንያ የፕላስቲክ ሳህንና እስክሪብቶ ጭምር የሚሸጥ ነው። በኦክቶበር 2008 መጨረሻ የደ ዊቱ ፋብሪካ ተዘጋ። ሥራው ቻይና ሄደ። 330 ያህል ሰው ከሥራ ወጣ። 600 የማይሞላ ሕዝብ ባላት መንደር 330 የሥራ ቦታ ጠፋ ማለት ነው።

ታዲያ ስንፍናው የቱ ጋ ነው? ፒንሳው ገዢ አጥቶ አይደለም። ስሙ ዛሬም ይሸጣል። በ2017 ደግሞ ከነወንድሞቹ ወደ ትልቁ መሣሪያ አምራች ስታንሊ ብላክ ኤንድ ዴከር ተሻገረ። ስም እንደ መሬት ካርታ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። የመንደሩ ሰው በአንዱም ሽያጭ ላይ አልተጠየቀም።

ክራፍትስማን ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ጸሐፊው የአባታቸው ሣጥን የክራፍትስማን እንደነበር ጽፈዋል፤ ስለዚህ ታሪኩን ቢሰሙ ደስ ይለኛል። ሲርስ ይሄን ስም ያስመዘገበው በ1927 ነው። የሃርድዌር ክፍሉ ኃላፊ አርተር ባሮውዝ ስሙን ከአንድ ትንሽ መሣሪያ አምራች በ500 ዶላር ገዛው ይባላል። ሲርስ ሱቅ ነው። መፍቻውን የሚያሠራው ለሌሎች ፋብሪካዎች ኮንትራት እየሰጠ ነበር። ዛሬ ለዚህ፣ ነገ ለዚያ። ከ1990ዎቹ ጀምሮ ዋናው አቅራቢ ዳናኸር ነበር። በ2010 ዳናኸርና ኩፐር የመሣሪያ ክፍሎቻቸውን አዋሕደው ኤፔክስ የሚባል ኩባንያ ፈጠሩ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ጥቂት ዓመታት የክራፍትስማን መፍቻና ቡሶላ (ብሎን ጭንቅላት ላይ የሚሰካው መፍቻ) በብዛት ወደ እስያ ሄደ። በ2017 ስታንሊ ስሙን ከሲርስ በ900 ሚሊዮን ዶላር ግድም ገዛው። በቀጣዩ ዓመት ሲርስ ራሱ ከሰረ።

ልብ በሉ። በ500 ዶላር የተገዛ ስም በ90 ዓመት ውስጥ 900 ሚሊዮን አወጣ። ከስሙ ጋር ብረት የሚቀጠቅጥ አንድም የፋብሪካ መዶሻ አብሮ አልተቆጠረም። ስሙና ፋብሪካው መጀመሪያውኑ አንድ ላይ አልነበሩም። ለመለያየትም አልከበዳቸውም።

የደመወዝ ልዩነት የለም እያልኩ አይደለም። አለ፤ ትልቅም ነበር። ቻይና የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ከሆነችበት ከ2001 መጨረሻ በኋላ ደግሞ ዕቃ ማምጣቱ ቀለለ። እዚህ ላይ ጸሐፊው ልክ ናቸው። ግን የደመወዝ ልዩነቱ ሁሉም ደጃፍ ላይ ነበር። አንዱ ለምን ሄደ፣ ሌላው ለምን ቀረ? ጀርመን ዉፐርታል ውስጥ ክኒፔክስ ከ1882 ጀምሮ ፒንሳ ይሠራል። አሁንም እዚያው ነው፤ አሁንም የቤተሰብ ነው። የጀርመን ሠራተኛ በርካሽ ሲሠራ ያየ ሰው ካለ ይንገረኝ።

ይሄ ጥያቄ «ዛሬ አሜሪካ ውስጥ የሚሠራ የለም» ወደሚለው ነጥብ ይወስደኛል። ቅደም ተከተሉን ስለዘለልኩ ይቅርታ።

አለ። ቻነልሎክ ከ1886 ጀምሮ የዴአርመንት ቤተሰብ ነው። ፔንሲልቬንያ፣ ሚድቪል ውስጥ ይሠራል። ያ ሰማያዊ እጀታ ያለው፣ መንጋጋው የሚሰፋና የሚጠብ ፒንሳ የእነሱ ነው። ክላይን በ1857 ቺካጎ ላይ የተመሠረተ ነው። መሥራቹ ከጀርመን የመጣ ቀጥቃጭ ነበር። አንድ የቴሌግራፍ ሠራተኛ የተሰበረች ፒንሳ ይዞ መጣ፤ ክላይን የተሰበረውን ግማሽ ሠራለት፤ ቆይቶ ሌላኛው ግማሽ ሲሰበር እሱንም ሠራ። ኩባንያው እንዲህ ተወለደ ብለው ይተርካሉ። ዛሬ ቴክሳስ፣ ማንስፊልድ ውስጥ ፒንሳ ይቀጠቅጣሉ። ኢስትዊንግ ኢሊኖይ፣ ሮክፎርድ ውስጥ ከ1923 ጀምሮ መዶሻ ይሠራል። ጭንቅላቱና እጀታው አንድ ወጥ ብረት ነው። ኦሃዮ ውስጥ ራይት አለ፤ ካንሳስ ውስጥ ዋይልድ አለ። እነዚህ አንዳንድ ዕቃ ከውጭ አያስመጡም አልልም። ዋናው ሥራቸው ግን እዚሁ ነው።

አያይዘን ስናያቸው አንድ ነገር ይታያል። አብዛኞቹ ስሙና የፋብሪካው መዶሻ በአንድ ባለቤት እጅ ያሉ ናቸው። ስሙን ነጥሎ የሚሸጥ የለም። የእኔ ክርክር ይሄው ነው። የሄዱት ስማቸው ከፋብሪካቸው የተነጠለ ናቸው።

አንባቢ ወዲያው «ስናፕ ኦንስ?» ሊለኝ ይችላል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ስናፕ ኦን በ1920 ሚልዋኪ የተመሠረተ የመሣሪያ ኩባንያ ነው። አክሲዮኑ በገበያ ይሸጣል፤ የቤተሰብ አይደለም። ሆኖም ብዙውን የእጅ መሣሪያውን ዛሬም ዊስኮንሲንና ቴነሲ ውስጥ ይሠራል። የመሣሪያ ሣጥኑ ደግሞ አዮዋ፣ አልጎና ውስጥ ይሠራል። እንዴት ሆኖለት? መልሱ በየሳምንቱ ጋራዣችን በር ላይ ትቆማለች። መሣሪያ የጫነች መኪና ነች። ሻጩ ስምህን ያውቃል፤ የልጅህንም ስም ያውቃል። በዱቤ ይሰጥሃል፣ በየሳምንቱ ትከፍላለህ። የመሣሪያ መኪና መምጣቷን ሲሰማ ሽንት ቤት የሚደበቅ ባልደረባ አለኝ። ስሙን አልናገርም፤ ይሄን ያነባል። ዋጋው ጣራ ነው፤ መካኒክ ግን ይከፍላል። የሚሰበር መፍቻ ከዋጋው በላይ እንደሚያስከፍለው ያውቃላ።

ትልልቆቹ የሃርድዌር መደብሮች ግን በሌላ መንገድ ነው የሚሠሩት። መደርደሪያው የእነሱ ነው። ዋጋውን የሚነግሩት እነሱ ናቸው። አቅራቢው በዚያ ዋጋ ካልቻለ ሌላ ይመጣል። ሎውስ የሚባለው መደብር የራሱ የመሣሪያ ስም ያደረገውን ኮባልትን እንይ። በ1998 ሲጀመር የሚሠራው የስናፕ ኦን ቅርንጫፍ ነበር። ከዚያ ወደ ዳናኸር ዞረ። በ2011 ደግሞ ከእስያ ለሚያስመጣ ድርጅት ተሰጠ። ስሙ ያው፣ ሰማያዊ ቀለሙ ያው፤ በ13 ዓመት ውስጥ ግን ሦስት አቅራቢ። ፒንሳውን የሚያየው ገዢ ምን ያውቃል?

ባንዲራውም ቢሆን ነገሩን አይፈታልንም። ሚልዋኪ ቱል የሚባለው መሣሪያ አምራች ከ2005 ጀምሮ የሆንግ ኮንግ ኩባንያ ንብረት ነው። ይሄው ኩባንያ ግን ዊስኮንሲን፣ ዌስት ቤንድ ውስጥ የፒንሳና የካቻቢቴ ፋብሪካ ከፍቷል። በአንጻሩ ኤስኬ የሚባለው፣ ቺካጎ ላይ በ1921 የተወለደው የቡሶላ ስም፣ በ2021 በቻይናው ግሬትስታር ተገዛ። ልክ መቶ ዓመት ሲሞላው! የሆንግ ኮንጉ እዚህ ፋብሪካ ሲከፍት፣ የአሜሪካው ስም ወደዚያ ይሄዳል።

«ከቻይና የመጣ ሁሉ ቆርቆሮ ነው» ወደሚለው ልመለስ።

መፍቻ እንዴት ይሠራል? የብረት ዘንግ ይቆረጥና እስኪቀላ ይግላል፤ ከ1,100 ዲግሪ በላይ። የመፍቻው ቅርጽ በተቀረጸበት ፎርማ ላይ ይቀመጥና ትልቅ መዶሻ ይወርድበታል። በጎን የተረፈው ይከረከማል። ከዚያ እንደገና ይግልና ድንገት ዘይት ውስጥ ይገባል። ይሄ ያጠነክረዋል። በዚያው ከተተወ ግን እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። ስለዚህ ለዘብ ባለ ሙቀት ደግሞ ይሞቃል። ቀጥሎ ይሞረዳል፣ ይወለወላል፣ ኒኬልና ክሮም ይለብሳል።

ከዚህ ውስጥ የአሜሪካ ምስጢር የሚባል ነገር የለም። መፍቻ የሚሠራበት ክሮም ቫናዲየም የሚባለው ብረት የትም ይቀልጣል። ልዩነቱ እሳቱ ላይ ነው፤ ምን ያህል ጊዜ፣ በምን ያህል ቁጥጥር። እዚያ ላይ የቆጠበ ፋብሪካ ርካሽ መፍቻ ያወጣል። ሲበዛ ጠንክሮ ከሆነ ይሰነጠቃል። ሲበዛ ለስልሶ ከሆነ አፉ ይከፈትና የብሎኑን ጭንቅላት ያሟልጨዋል። ያንን ስሜት መካኒክ የሆነ ሰው ያውቀዋል። አንድ የተሟለጨ ብሎን ሙሉ ከሰዓት ይበላል።

እኔም ደርሶብኛል። ከአንድ መደብር በርካሽ የገዛሁት ቡሶላ የጎማ ዳዶ ስፈታ ለሁለት ተሰነጠቀ። ጣቴ ሁለት ሳምንት አብጦ ከረመ። አዎ፣ ቻይና የተሠራ ነበር። ግን መሳቢያዬ ውስጥ ካሉት ሁሉ ለማንም የማላውሰው ራቼት፣ ቡሶላ የሚያዞረው እጀታ፣ ታይዋን የተሠራ ነው። ታይቹንግ የምትባለው የታይዋን ከተማና አካባቢዋ በእጅ መሣሪያ ፋብሪካ የታጨቁ ናቸው። እዚያ ያለው ፋብሪካ ያዘዝከውን ይሠራልሃል። በሁለት ዶላር ሥራልኝ ካልከው የሁለት ዶላር መፍቻ ይሰጥሃል። ልኩንና ጥንካሬውን ጽፈህ ቁጭ ብለህ ካስፈተሽክ ደግሞ ሌላ ነገር ይወጣል።

መርካቶ ዕቃ የገዛ ሰው ይሄን ከእኔ በላይ ያውቃል። ሻጩን «ኦሪጅናል ነው?» ስትለው «አዎ፣ ኦሪጅናል ቻይና» ይልሃል። እንስቃለን እንጂ ሰውዬው ልክ ነው። ቻይናም አንደኛ ደረጃና ሦስተኛ ደረጃ አላት። ወደዚያ የሄዱት የአሜሪካ ስሞች ብዙዎቹ የሄዱት ዋጋ ለመቀነስ ስለሆነ ያዘዙትም ርካሹን ነው። የጸሐፊው ንዴት ትክክለኛ አድራሻ አዛዡ ነው።

«ጥፋቱ የገዢው ነው» ለሚለው ብዙ አልደክምም። ገዢው ርካሽ ይወዳል፤ እኔም እወዳለሁ። ግን ተነግሮት ነው ወይ የመረጠው? የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን «አሜሪካ የተሠራ» የሚል ጽሑፍ ላይ ጠበቅ ያለ መስፈርት አለው። ዕቃው ሙሉ በሙሉ፣ ወይም ሙሉ በሙሉ ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ፣ እዚህ መሠራት አለበት። ስታንሊ በራቼቶቹ ላይ በለጠፈው ጽሑፍ ምክንያት ተከስሶ በ2006 ክሱን ለመዝጋት 205,000 ዶላር ቅጣት ለመክፈል ተስማምቷል። ማሸጊያውን ያያችሁ ሰዎች ታውቁታላችሁ። ፊት ለፊት ባንዲራ፣ ንስር፣ የአሜሪካ ከተማ ስም። ከጀርባው፣ ከባርኮዱ ሥር፣ መነጽር በሚያስፈልግ ፊደል «ቻይና»።

ዋስትናውም እንደዚሁ ነው። «ለዘለዓለም እንለውጣለን» የሚለው የክራፍትስማን ቃል አልተሻረም ነበር። አያትህ አሜሪካ የተሠራ ገዝቶ ከሆነና ከተሰበረ፣ ወስደህ በምትኩ እስያ የተሠራ ይዘህ ትመለሳለህ። ቃሉ ተከብሯል። ዕቃው ግን ሌላ ነው። ይሄን ገዢው መርጦታል ማለት ይከብደኛል።

የቀረው ታሪፍ ነው። ጸሐፊው እዚህ ላይ ሲደርሱ ብዕራቸው ሞቅ ብሏል። ፎርት ዎርዝን ግን አላነሱም። በታሪፍ ነገር ፎርት ዎርዝን የዘለለ ሰው ጨዋታውን ግማሹን ብቻ ነው ያየው።

በ2019 ስታንሊ ትልቅ ዜና አሰማ። ክራፍትስማንን ወደ አገሩ እንመልሳለን አለ። ቴክሳስ፣ ፎርት ዎርዝ ውስጥ በ90 ሚሊዮን ዶላር ፋብሪካ ይሠራል፤ 500 ያህል ሰው ይቀጠራል፤ ቡሶላ፣ ራቼትና መፍቻ ይመረታል ተባለ። እኔም ጮቤ ረግጬ ነበር። ዕቅዱ በአዳዲስ አውቶማቲክ ማሽኖች ብዙ ዕቃ በጥቂት ሰው መሥራት ነበር። ወጪው ከቻይናው ጋር ይቀራረባል ተብሎ ታሰበ። በ2020 መጨረሻ ይደርሳል የተባለው ፋብሪካ ዘገየ። መሀል ላይ ኮቪድ ገባ። ያኔ የወጡ ዘገባዎች እንዳሉት ማሽኖቹ እንደታሰቡት አልሠሩም። በማርች 2023 ይዘጋል ተብሎ ታወጀ። 175 ያህል ሠራተኞች ተሰናበቱ። ያ ሁሉ ተስፋ የተደረገበት መፍቻ መደርደሪያ ላይ እንደሚገባ ሳይታይ ቀረ።

እንግዲህ ይሄ ሁሉ የሆነው ታሪፍ ባለበት ነው። ከ2018 ጀምሮ ከቻይና በሚመጡ ብዙ ዕቃዎች ላይ ተጨማሪ ቀረጥ ነበር። ገንዘቡም ነበር፤ ስሙም ነበር፤ ገዢውም በጉጉት ይጠብቅ ነበር። የጠፋው እጅ ነው። ፎርማ የሚቀርጽ ሰው፣ መዶሻው ሲያጓራ በድምፁ ብልሽቱን የሚያውቅ ሰው፣ ክሮም የሚነክር ጎረቤት ፋብሪካ። እነዚህ አንዴ ከተበተኑ በ90 ሚሊዮን ዶላር ማሽን ተጠርተው አይመጡም። ደ ዊትም እንዲሁ ሞክራለች። ማልኮ የሚባል የሚኒሶታ ኩባንያ የድሮውን ሕንፃ ገዝቶ በ2020 እዚያው ኢግል ግሪፕ የሚል ተቆላፊ ፒንሳ መሥራት ጀመረ። ብዙዎቻችን ገዛን፤ ፒንሳው ግሩም ነው። ዋጋው ግን ከመደርደሪያው ፒንሳ ብዙ እጥፍ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ማልኮ ሥራውን ተወው።

ሌላም ነገር አለ። ታሪፉ መፍቻው ላይ ብቻ አይደለም የሚወድቀው። ከውጭ በሚገባ ብረት ላይ በ2018 25 በመቶ ተጥሎ ነበር፤ በ2025 50 ደረሰ። ሚድቪል ላይ ፒንሳ የሚቀጠቅጠው ሰው ደግሞ ብረት ገዢ ነው። ከውጭ የሚመጣው ብረት ሲወደድ የአገር ውስጡም ዋጋ አብሮ ይወጣል። ልንረዳው ያሰብነው ሰው ኪስ ውስጥ ነው እጃችንን የከተትነው። ታሪፍ ለማንም አይጠቅምም አልልም፤ ቀድሞውኑ መዶሻው እየሠራ ላለ ፋብሪካ ትንፋሽ ሊሰጥ ይችላል። የተዘጋውን ሲከፍት ግን እስካሁን አላየሁም።

በአንድ ነገር ከጸሐፊው ጋር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። አሮጌ ዕቃ ፈልጋችሁ ግዙ ብለዋል። ትክክል። በየግቢው አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበትን ያርድ ሴልና የመያዣ ዕቃ የሚሸጥበትን ፖን ሾፕ አትለፉ። ባለፈው በጋ አንድ የሞቱ አዛውንት ጋራዥ ሲሸጥ ባለ ግማሽ ኢንች የክራፍትስማን መፍቻ በሦስት ዶላር አገኘሁ። ዝገቱን ሳራግፍ ከስሙ አጠገብ ቪ የምትል የእንግሊዝኛ ፊደል ወጣች። ያቺ ፊደል የሲርስ አይደለችም። ማሳቹሴትስ፣ ስፕሪንግፊልድ ውስጥ የነበረው ሙር የቅጥቀጣ ፋብሪካ ምልክት ናት። ሰብሳቢዎች አንድ መፍቻ ከማን እጅ እንደወጣ የሚለዩት በእንዲህ ዓይነት ፊደል ነው።

እናም ጋሼ፣ እርስዎም የአባትዎን ሣጥን እስቲ ይክፈቱት። አንዱን መፍቻ ገልብጠው በባትሪ ይዩት። የምን ፊደል እንዳለበት ይጻፉልኝና ማን እንደቀጠቀጠው አብረን እንፈልጋለን።